የሁለት ጽድ ዕዳ

ይጎፍ ላይ የበቀለ ዛፍ ሁሉ ዘመድ አለው ይላሉ፤
እኔ ያን ሌሊት አላመንኩም።
ጨረቃ የለም። መጥረቢያዬ ስል።
ከታች ኮምቦልቻ መብራቷን እንደ ተልባ በትና፣
የፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ሳይወጣ ገና፣
ሁለት ጽድ ጣልኩ።

አንዱ ሲወድቅ ጮኸ፣ ሸለቆው ተቀበለው፤
ሌላው ዝም ብሎ ተኛ።
እስካሁን የሚሰማኝ የዝምተኛው ነው።

ከቦርከና ማዶ ቤት የሚሠራ ሰው ቀብድ ሰጥቶኝ ነበር፤
ቀብዱን በልቻለሁ።
ግንዱን በሁለት አህያ አስጎትቼ አፋፉ ላይ ስደርስ
ወገግ ብሏል፤ ጦይብ፣ የቅሬው ደን ጠባቂ፣
ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በወይራ ይፍቃል።
«ደህና አደርክ ወይ አራጋው?» አለኝ፣
ግንዱን ሳያይ፣ ዐይኔን እያየ።
ሌባ አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ዋንዛው ሥር ተሰበሰቡ፣
ከላይኛውም ከታችኛውም መንደር፣
ቁርኣን የቀራውም፣ ዳዊት የደገመውም፣
አንዱ በሌላው ጋቢ ጫፍ ላይ እየተቀመጠ።
አባጋር ሙህዬ ከዘራቸውን አጋደሙ።
ደብተር የለም። ሕጉን ሕፃን ያውቀዋል፦

    «የይጎፍን ጽድ በሌሊት የጣለ፣
    በቀን አይቀበርም ቅሬያችን እስካለ።»

እሳት አይጫርለት። አካፋ አይነሣለት።
«ሬሳውንም ራሱ ይሸከመው» ሲሉ
አንድ ልጅ ሳቀ፤ እኔም ልስቅ ነበር፣
ጉልበቴ ከዳኝ እንጂ።

ከዱዓው በኋላ ፍርዱ ለዘበ፦
ለአንድ ግንድ አንድ ክረምት፣
ችግኝ ልተክል፣ በጋውን ውሃ ልሸከም፤
እስክጨርስ ግን ከቅሬው አልቆጠርም።
«እንጨቱስ?» አልኩ፣ እፍረት የሌለኝ፣
ቀብዱ እየቆጠቆጠኝ።
«እንጨቱ ሥራ አለው» አሉ አባጋር።
አልገባኝም።

የመጀመሪያው ክረምት ሳይወጣ እናቴ ዘምዘም ሞተች።
አካፋዬን ታቅፌ አደርኩ።
ከጎረቤት ሳል እንኳ አልተሰማ።
ማን ይመጣል? ሕግ ሕግ ነው።
አንድ ሰው ጉድጓድ ይቆፍራል፤
አንድ ሰው ቃሬዛ አያነሣም።

ሲነጋ ከጭጋጉ ውስጥ ሲወርዱ አየኋቸው፣
ጦይብ ከፊት፣ ቄስ መርሻ ከኋላ፣
በየትከሻቸው ሁለቱ ጽዶቼ፣
ተሰንጥቀው፣ ተጠርበው፣ በእናቴ ልክ ተቆርጠው።
ጉድጓዱ ላይ ረበረቧቸው።
«ጽድ አይነቅዝም» አሉ አባጋር አፈሩ ሳይመለስ፣
«ዕዳው ያንተ ነው፣ የሷ አይደለም።»
ለእኔ ግን ማንም «አላህ ያጽናህ» አላለኝም፤
ገና አንድ ክረምት ይቀረኝ ነበር።

አሁን ድንጋዩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።
ባለፈው ከከተማ አንድ ልጅ መጣ፣
አንገቱ ላይ መለኪያ፣ እጁ ላይ ካርታ፤
ለድንጋይ መፍጫ ነው አሉ።
ካርታው እዚህ ጋ «ባዶ መሬት» ይላል።

ባዶ?

በእግሩ ወሰድኩት።
ይህ ወይራ የጦይብ አያት የተከሉት፣
ይህ ድኩላ በበጋ የምትወርድበት፣
ይህ ምንጭ፣ አንተ ታች ቧንቧ ስትከፍት የምትጠጣው።
«ማስረጃ አለህ?» አለኝ፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣
እንዲጠይቅ ተልኮ ነው።
እናቴ መቃብር ላይ አቆምኩት።
«ማስረጃዬ እዚህ ሥር ተረብርቧል፤ ረግጠኸዋል።»
እግሩን አነሣ። ሜትሩን ጠቀለለ።
ምን ብሎ እንደጻፈ አላውቅም።
ጁምዓ ዋንዛው ሥር እንሰበሰባለን።

ትናንት በነዚያ ሁለት ክረምቶች የተከልኳቸውን ቆጠርኩ፦
ከስልሳው ፍየል የበላውን በላ፣
ውርጭ የመታውን መታ፤
ዐሥራ አንዱ ጸደቁ።

እኔ ገና ነኝ።